ሲፕሮ ውጦ ባዮፕሲ መግባት ይበቃል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። አባቴ 68 ዓመታቸው ነው፤ መሐል ሜዳ አካባቢ ገበሬ ናቸው። ሌሊት ሽንት ደጋግሞ ያስነሳቸዋል። ሲመረመሩ ፒኤስኤ የሚባለው የፕሮስቴት የደም ምርመራ 14 ስለተገኘባቸው ለፕሮስቴት ባዮፕሲ (ከእጢው ናሙና ለመውሰድ) አዲስ አበባ ቀጠሮ ተሰጥቷቸዋል። ከሁለት ወር በፊት ሽንት ሲያቃጥላቸው ከፋርማሲ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዝተው ወስደው ተሽሏቸው ነበር። ስኳር አለባቸው፤ ግሊቤንክላማይድ ይወስዳሉ። ለባዮፕሲው የታዘዘላቸው ሲፕሮ ብቻ ነው። አንድ ጎረቤታችን ግን ይህንኑ እየወሰደ በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ተነስቶበት ሆስፒታል ተኝቷል። ፋርማሲ የሚሰራ ልጅ ‹ከአምስት ቀን ቀድመው ይጀምሩ፤ ሴፍትሪያክሶንም ይወጉ› አለን። እንጀምርላቸው? አባቴ ደግሞ አጨዳ ስላለባቸው በማግስቱ መንዝ ልመለስ ይላሉ። ፈርተን ቀጠሮውን እንተወው ወይ እያልን ነው።»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ዋናውን ነገር በቅድሚያ ልንገርህ። አምስት ቀን ቀድማችሁ እንዳትጀምሩ። ቀጠሮውንም ዝም ብላችሁ አትተዉ። ግን ከቀጠሮው ቀን በፊት ለሚሰራላቸው ሐኪም መንገር ያለባችሁ ነገር አለ። እሱም ጥያቄህ መሃል እንደ ዋዛ ጣል ያደረግከው ነው፤ አባትህ ከሁለት ወር በፊት ሲፕሮ ወስደዋል። ከጎረቤታችሁ ታሪክ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ይህ ነው።

ነገሩ እንዲገባህ ባዮፕሲው እንዴት እንደሚሰራ ላስረዳ። ፕሮስቴት ከፊኛ ስር፣ ከፊንጢጣ ፊት ለፊት የተቀመጠ እጢ ነው። በብዙ ቦታ የሚሰራው ባዮፕሲ በፊንጢጣ በኩል ነው። የአልትራሳውንድ መሳሪያ ይገባል፣ ማደንዘዣ ይሰጣል፣ ከዚያ ቀጭን መርፌ የአንጀቱን ግድግዳ ዘልቆ ከእጢው ናሙና ይዞ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ 12 ያህል ናሙና ይወሰዳል። ያ ማለት መርፌው ሰገራ በሚያልፍበት ቦታ 12 ጊዜ ገብቶ ይወጣል ማለት ነው። በጭቃ የተነከረ ወስፌ ንጹህ ጨርቅ ሲወጋ የሚሆነውን አስበው። አንጀት ውስጥ ምንም ጉዳት ሳያደርስ የሚኖረው ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ በመርፌው ጫፍ ተሳፍሮ ወደ እጢው፣ ወደ ሽንት፣ አንዳንዴም ወደ ደም ይገባል።

ሲፕሮው የሚታዘዘው ለዚህ ነው። መርፌው ሲገባ መድኃኒቱ በደምና በእጢው ውስጥ ቀድሞ እንዲገኝ ነው የሚፈለገው። ሲፕሮ ፕሮስቴት ውስጥ ጥሩ አድርጎ ይሰርጋል፤ ለዓመታት የተመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ችግሩ ዓለም ሁሉ ለዓመታት መረጠው። በተለይ በኛ አገር ሽንት ሲያቃጥል ሲፕሮ፣ ተቅማጥ ሲመጣ ሲፕሮ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ሲኖር ሲፕሮ ሆነ። ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ ክልክል ቢሆንም እንደ ማስቲካ የሚገዛበት ጊዜ አለ። ውጤቱ ብዙ ሰው አንጀቱ ውስጥ ሲፕሮን የተላመደ ኢ. ኮላይ ይዞ ይዞራል። አያመውም፤ ስለዚህ አያውቀውም።

የጎረቤታችሁ ነገርም ከዚህ አያልፍም ብዬ እገምታለሁ። መድኃኒቱን በትክክል ወስዶ ሊሆን ይችላል። መርፌው ይዞት የገባው ባክቴሪያ ግን ያንን መድኃኒት የሚፈራ አልነበረም።

አባትህ ጋ ስንመለስ፣ ባለፉት ስድስት ወራት ውስጥ የዚህ ዓይነት አንቲባዮቲክ የወሰደ ሰው መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ከፍ ይላል። ሲፕሮው የሚገደለውን ገድሎ የማይገደለውን ቦታ ያሰፋለታል። በቅርቡ ሆስፒታል የተኛ፣ የሽንት ቱቦ የገባለት፣ ስኳር ያለበት ሰውም እንዲሁ የኢንፌክሽን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። አባትህ ከነዚህ ሁለቱን ያሟላሉ። ሐኪሙ ይህንን ካላወቀ ለሁሉም የሚያዘውን ያዝላቸዋል። እኛ ሐኪሞችም ወረፋ ሲበዛብን «በቅርብ ምን ወስደዋል?» ብለን የማንጠይቅበት ቀን አለ። አባቶችም ቢጠየቁ «ምንም» ይላሉ። ከሱቅና ከፋርማሲ የተገዛው በነሱ ዘንድ መድኃኒት ተብሎ አይቆጠርም። ስለዚህ አንተ ንገርላቸው። የድሮው የሲፕሮ ማሸጊያ ከተገኘ ይዘኸው ሂድ።

አሁን የፋርማሲው ልጅ ምክር ላይ ልምጣ። ግማሹ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ሲፕሮ ላይ እምነት በሌለበት ሁኔታ ከሌላ ወገን የሆነ አንቲባዮቲክ መጨመር ወይም በሌላ መተካት የታወቀ አሰራር ነው። ሴፍትሪያክሶን ወይም ጄንታማይሲን አንድ ጊዜ ይሰጣል። ግን የሚሰጠው ሆስፒታል ውስጥ፣ ባዮፕሲው ሊሰራ ሲል ነው። ጄንታማይሲን ደግሞ ኩላሊት ታይቶ ነው፤ ስኳር ያለበት የ68 ዓመት ሰው ላይ ኩላሊት ሳያዩ አይሰጥም። አምስት ቀን ቀድሞ መጀመር ግን ሌላ ነገር ነው። መከላከያ የሚሰራው መርፌው በሚገባበት ሰዓት ደም ውስጥ ሲገኝ ነው። የዛሬ አምስት ቀን የተዋጠ ፍሬ ለዚያ ሰዓት አይጠቅምም። አምስት ቀን ሙሉ አንጀት ውስጥ የሚሰራው ሥራ ደካማውን ባክቴሪያ ጠርጎ ጠንካራውን ማስቀረት ነው። ባዮፕሲው ቀን ሲደርስ መርፌው የሚያገኘው የተመረጠውን ጠንካራ ይሆናል።

ከባዮፕሲው በኋላም ያው ነው። «ለማንኛውም» ተብሎ ሳምንት የሚዋጥ ሲፕሮ ብዙ ጥቅም የለውም። ብዙውን ጊዜ የአንድ ቀን መከላከያ ይበቃል። ሐኪሙ ለምን ያህል ጊዜ እንዳዘዘ ጠይቁ፤ በዚያ ላይ በራሳችሁ አትጨምሩ።

ስለዚህ ሐኪሙን ስታገኘው ምን ትጠይቃለህ? የመጀመሪያው፣ ባዮፕሲው በየት በኩል ነው የሚሰራው የሚል ነው። ሁለተኛ መንገድ አለ። መርፌው በቆለጥና በፊንጢጣ መካከል ባለው ቆዳ በኩል ይገባል። ቆዳ በአንቲሴፕቲክ በደንብ ይጸዳል፤ አንጀት ግን የቆዳን ያህል አይጸዳም። መርፌው ሰገራ ያለበትን ቦታ ስለማይነካ ኢንፌክሽኑ በጣም ይቀንሳል። በፊንጢጣ በኩል ሲሰራ፣ እንደየቦታው ቢለያይም፣ ከ100 ሰው ከ1 እስከ 4 የሚሆኑት በኢንፌክሽን ሆስፒታል ይተኛሉ። በቆዳ በኩል ሲሰራ ይህ ከ100 አንድ እንኳ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ጥናት ኖርዌይና ጀርመን ውስጥ ከ550 በላይ ወንዶችን አይቷል። ሁሉም በቆዳ በኩል ነው የተሰራላቸው። ግማሾቹ አንቲባዮቲክ ወሰዱ፣ ግማሾቹ ምንም አልወሰዱም። በሁለቱም ወገን ኢንፌክሽን ወደ ደም የገባበት ሰው አልነበረም። የአውሮፓ የዩሮሎጂ ማህበርም አሁን ይህን መንገድ ነው የሚያስቀድመው። እኔ ምርጫው ቢሰጠኝ ለአባቴ የማስቀድመው ይህንኑ ነው። ግን መሳሪያውና የለመደ እጅ ይፈልጋል፤ ሁሉም ቦታ አይገኝም። የለም ከተባላችሁ ተናዳችሁ አትውጡ። በፊንጢጣ በኩልም ቢሆን በጥንቃቄ ከተሰራ አብዛኛው ሰው ምንም ሳይሆን ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው።

ሁለተኛው ጥያቄህ ስለ ፖቪዶን አዮዲን ይሁን። ቁስል ላይ የሚቀባውን ቡናማ ፈሳሽ ታውቀዋለህ። ባዮፕሲው ሊሰራ ሲል ፊንጢጣው በዚህ ሲጸዳ ኢንፌክሽኑ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ርካሽ ነው፣ የትም ሆስፒታል ይገኛል፤ ባክቴሪያውም ሲፕሮን ለምዶ ቢሆን ባይሆን አዮዲን ግድ የለውም። እንዲህ ቀላልና ጠቃሚ ነገር በየቦታው አለመለመዱ ይገርመኛል። ታዲያ ቤት ውስጥ ራሳችሁ እንዳትሞክሩት፤ የሐኪሙ ሥራ ነው። አዮዲን የሚያስቆጣቸው ከሆነ ወይም የእንቅርት ችግር ካለባቸው አስቀድመህ ንገር።

ሦስተኛ፣ ካልቸር መስራት ይቻል እንደሆነ ጠይቅ። ከፊንጢጣ በጥጥ ናሙና ተወስዶ የትኛው ባክቴሪያ እንዳለና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይታያል። ውጤቱ ቀናት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በባዮፕሲው ዕለት ጠዋት ብትጠይቅ ዋጋ የለውም። ሲፕሮ በቅርብ ለወሰደ ሰው ግን ከግምት ያወጣል። ይህ ባይገኝ የሽንት ምርመራ እንኳ ሳይሰራ እንዳይገቡ። ሽንታቸው ውስጥ አሁንም ኢንፌክሽን ካለ መጀመሪያ መታከም አለበት፤ ባዮፕሲው ይቆያል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ 14 የተባለው ፒኤስኤ የተለካው መቼ ነው? ሽንት ሲያቃጥላቸው በነበረበት ሰሞን ከሆነ ቁጥሩ በኢንፌክሽኑ ምክንያት ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። ኢንፌክሽን ፒኤስኤን ያንረዋል፤ ወደ ቦታው ለመመለስ ሳምንታት ይፈጅበታል። ያኔ ሐኪሙ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ እንዲደገም ሊያዝ ይችላል። ሲደገም ከወረደ ባዮፕሲው ላያስፈልግም ይችላል። የኤምአርአይ አቅም ካላችሁ እሱም ይረዳል። ማቃጠሉ በጠፋበት ጊዜ ተለክቶ 14 ከሆነ፣ ወይም ተደግሞም ከፍ እንዳለ ከቀጠለ ግን ባዮፕሲውን መፍራት የለባችሁም። የሚፈራው ካንሰሩ ሳይታወቅ መቆየቱ ነው። ሌሊት ሽንት ማስነሳቱ ብቻውን ካንሰር ማለት አይደለም። በዚህ ዕድሜ እጢው ያለ ካንሰርም ያድጋል፤ ስኳሩም ራሱ ሽንት ያበዛል።

ስኳሩን ካነሳን እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ሲፕሮና ግሊቤንክላማይድ አንድ ላይ ሲሆኑ ስኳርን ከልክ በላይ ሊያወርዱ ይችላሉ። አባትህ ገበሬ ናቸው፤ መንዝ ላይ ጾም የሚጠብቅ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። ጾመው፣ ግሊቤንክላማይድ ውጠው፣ ሲፕሮ ጨምረው አዲስ አበባ ድረስ መኪና ላይ ከተቀመጡ መንገድ ላይ ሊወድቁ ይችላሉ። ላብ በላብ መሆን፣ መንቀጥቀጥ፣ ልብ መምታት፣ መዘባረቅ ከታየ ወዲያው ስኳር ያለው ነገር ይጠጡ፤ ከዚያ ይለካሉ። በዚያ ቀን ጠዋት የስኳር መድኃኒቱን ይውሰዱ ወይስ ይዝለሉ የሚለውን ከሐኪማቸው ጋ አስቀድማችሁ ጨርሱ። ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባታቸውን ቢያማክሩ ለታመመ ሰው የሚከለክሉ አይመስለኝም።

ሲፕሮ ከታዘዘ አዋዋጡም አለው። የሚዋጠው ባዮፕሲው ከመድረሱ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ነው፤ በውሃ። በወተት ወይም በእርጎ አይዋጥም። ካልሲየሙ መድኃኒቱን ይይዘውና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። የጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕና የደም ማነስ የብረት ክኒንም እንዲሁ ናቸው። የአንዳንዱ ሰው መከላከያ ሳይሰራ የሚቀረው ባክቴሪያው ስለተላመደ ሳይሆን በአንድ ብርጭቆ ወተት ስለዋጠው ነው። ከዚህ ሌላ ተረከዝ አካባቢ ድንገተኛ የጅማት ሕመም ከተሰማቸው መድኃኒቱን አቁመው ለሐኪም ይንገሩ። ሲፕሮ ጅማት ይጎዳል፤ ከ60 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ላይ ደግሞ ይበረታል። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲፕሮ ቤተሰብ መድኃኒቶች አጠቃቀም ጠበብ እንዲል የተደረገው በእንዲህ ያሉ ጉዳቶች ምክንያት ነው። አስፒሪን ወይም ደም የሚያቀጥን ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ተናገሩ።

በማግስቱ መንዝ መመለስ የሚለውን ግን በፍጹም አልስማማም። ኢንፌክሽን ከመጣ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ውስጥ ነው የሚመጣው፤ የጎረቤታችሁም በሦስተኛው ቀን ነው። ቢያንስ አራት አምስት ቀን አንተ ጋ ደብረ ብርሃን ይቆዩ። ትኩሳቱ ሌሊት ቢነሳ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው። ጣርማ በርን አልፎ፣ ሞላሌን ተሻግሮ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ሌሊት ቢነሳ መኪና የሚገኘው ሲነጋ ነው። ኢንፌክሽን ደም ውስጥ ከገባ ደግሞ የሚቆጠረው በሰዓታት ነው። ገብሱን ዘመድ ወይም ደቦ ይጨደው። እሳቸውም ቢሆኑ ለጥቂት ቀን ጎንበስ ብሎ ማጨድና ከባድ ማንሳት አይመከርላቸውም፤ መድማቱን ያባብሰዋል።

ደብረ ብርሃን ሲቆዩ የሚያሳስበኝ ብርዱ ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ ላንተ አልነግርህም። ሰው ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው። ባና ይደረብለታል፣ ትኩስ ነገር ይሰጠዋል፣ ይተኛል። እስኪነጋ ደሙ ውስጥ ባክቴሪያው ይራባል። ከቆላ፣ ከሸዋ ሮቢትና ከቀወት በኩል የሚመጡት ደግሞ ወባ ነው ብለው የወባ መድኃኒት ፍለጋ ይገባሉ። ባዮፕሲ በተሰራ በአንድ ሳምንት ውስጥ የመጣ መንቀጥቀጥ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ የባዮፕሲው ነው ብላችሁ ያዙት። ስኳራቸው ወርዶም ሊያንቀጠቅጣቸው ስለሚችል ያንንም ለኩ፤ ግን ስኳሩ ደህና ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ቴርሞሜትር ግዛ፤ ውድ አይደለም። ከ38 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ ወይም ትኩሳት ባይኖርም የሚያንዘፈዝፍ ብርድ ከመጣ፣ ወይም ሽማግሌው ፈዘዝ ብለው ነገር ካምታቱ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዳቸው። ፓራሲታሞል ሰጥቶ «እስኪ እንየው» የሚባል ነገር የለም። ሽንት ጨርሶ ከዘጋቸው ወይም ደሙ እየረጋ በቁርጥራጭ ከወጣም እንዲሁ።

ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ ተረኛው ሐኪም አዲስ አበባ የተሰራውን አያውቅም። በገባችሁበት ደቂቃ «ከዚህን ያህል ቀን በፊት በፊንጢጣ በኩል የፕሮስቴት ባዮፕሲ ተሰርቶላቸዋል፣ ለመከላከያ ሲፕሮ ወስደዋል፣ ከሁለት ወር በፊትም ወስደው ነበር» በል። በቆዳ በኩል ከተሰራም እንደዚያው ተናገር። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር የሚሰጠውን መድኃኒት ይለውጣል። ሲፕሮ አልፎት የመጣን ባክቴሪያ በሲፕሮ ማከም ጊዜ ማባከን ነው። የደምና የሽንት ካልቸር ተወስዶ በደም ሥር ሌላ መድኃኒት ይጀመራል። በወረቀት ጽፈህ የአባትህ ኪስ ውስጥ ብታኖረው ደግሞ አንተ ባትኖርም ይሰራል።

አባትህ ጻድቃኔ ማርያም ሄጄ ጠበል ልጠመቅ ካሉ፣ ካገገሙ በኋላ ይሂዱ፤ እኔ የምከለክልበት ምክንያት የለኝም። ትኩሳት ይዟቸው ግን ከሆስፒታል በፊት ጠበል አይሆንም።

የማያስፈራውንም ልንገርህ፤ አለበለዚያ በየቀኑ ትደውልልኛለህ። ሽንት ለጥቂት ቀናት ቀላ ቢል፣ ሰገራ ላይ ትንሽ ደም ቢታይ የሚጠበቅ ነው። የዘር ፈሳሽ ደግሞ ለሳምንታት ደም የመሰለ ወይም ዝገት የመሰለ ቀለም ሊኖረው ይችላል። አባቶች ይህንን ለልጃቸው አይናገሩም፤ ውስጣቸው ግን ይደነግጣሉ። ሐኪሙ አስቀድሞ ለብቻቸው እንዲነግራቸው ጠይቀው። ለእናትህም የሚያስተላልፉት ነገር እንደሌለ ጭምር ይንገራቸው።

ውጤቱ እስኪመጣ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሽንት ሲሸኑ ትንሽ ቢያቃጥላቸው ያቺን የተረፈች ሲፕሮ ፍለጋ መሳቢያ እንዳይከፍቱ፤ ሽንታቸው ይመርመር። የፓቶሎጂ ወረቀቱ ሲደርሳችሁ ካንሰር አለ ካለ ካንሰሩ ምን ያህል ኃይለኛ እንደሆነ የሚያሳይ ግሊሰን የሚል ቁጥር ታገኙበታላችሁ። ሕክምናው ሲወሰን በዋናነት ከሚታዩት እሱና ፒኤስኤው ናቸው፤ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓይነት ከሆነ ክትትል ብቻ የሚበቃቸውም ብዙ ናቸው። ወረቀቱ ሲመጣ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ያኔ ስለ እሱ እንነጋገራለን።